ዓሣ ልታጠምዱ ወጥታችሁ አውሬ ሲያጋጥማችሁ፦ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ለሁለት ዓይነት ሰው የተጻፈ ነው። አንዱ ጣናን፣ ዝዋይን፣ ሐዋሳን፣ አባያን ወይም ጫሞን እንጀራው አድርጎ ማታ መረብ የሚጥል፣ ንጋት ላይ የሚያነሣ አስጋሪ ነው። ሌላው ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ ዘንግና መንጠቆ ይዞ ከከተማ የሚወጣው ነው። አስጋሪው ከዚህ የሚበዛውን ከአባቱ ተምሮታል፤ ግን ድካምና ችኮላ የሚያውቁትንም ያስረሳሉ። የከተማው ሰው ደግሞ ውሃ ዳር ሲደርስ ዓይኑ ያለው መንጠቆው ላይ ብቻ ነው፤ ከጀርባው የተረገጠውን ሣር፣ ከፊቱ የተንሳፈፈውን ግንድ መሳይ ነገር ልብ አይልም።

አውሬ በአጥማጅ ላይ አደጋ ያደረሰበትን ሁኔታ ከሥሩ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ከሁለት ምክንያት አይወጣም። ወይ ሰውየው የእንስሳውን መንገድ ዘግቶበታል፤ ወይ ደግሞ እኛው የዓሣ ሆድ ዕቃና ትርፍራፊ እየጣልን እንስሳውን ከሰው አላምደነዋል። ሁለቱንም ማስቀረት በእጃችን ነው።

ጉማሬ

ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘናጋበታል። ወንዱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በየብስ ላይ ለአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ሲግጥ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል። የአጥማጁም የሥራ ሰዓት ይኸው በመሆኑ ሁለቱ በጨለማ፣ በአንድ ጠባብ ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ።

መውጫውን ለዩ። ጉማሬ ማታ ማታ የሚመላለስበት መንገድ ያስታውቃል። ደንገሉና ሣሩ ተኝቶ፣ ጭቃው ላይ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ጎን ለጎን ወጥቶ፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እግሩ ግራና ቀኝ ተራርቆ ስለሚያርፍ ነው። በመንገዱ ዳር ባሉት ቁጥቋጦዎች ላይ እበቱ ተረጭቶ ታገኛላችሁ፤ ጉማሬ እበት ሲጥል በጅራቱ እየመታ ይበትነዋልና። እንዲህ ያለው ቦታ ገላጣ ስለሆነ ለመቀመጥ ይጋብዛል። አትቀመጡበት፤ እሳት አታንድዱበት፤ ታንኳችሁንም አታቁሙበት።

በጉማሬና በውሃው መካከል አትግቡ። የደነገጠ ጉማሬ መሸሸጊያው ውሃ ነው፤ መሃል ላይ የቆመውን ሰው ጥሶት ያልፋል። ድንገት ብታገኙት ከመንገዱ ወደ ጎን ራቁለት፤ ወፍራም ዛፍ ወይም ትልቅ ድንጋይ ካለ ተከለሉበት። ወደ ውሃው ፈጽሞ አትሩጡ።

ታንኳ ላይ ከሆናችሁ ጥልቁን ውሃ ለእርሱ ተዉለት፤ ዳር ዳሩን ቅዘፉ። የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያ መታ መታ እያደረጋችሁ ድምፅ አሰሙ። ጉማሬ ከሁሉ የሚከፋው ሳያውቅ ከላዩ የደረሰበት ሰው ላይ ነው። ጥጃ የያዘች እናት ካለች ጭራሽ አቅጣጫ ቀይሩ፤ መረባችሁ እዚያ ቢሆንም ፀሐይ ከፍ እስኪል ይቆይ።

አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ መጥቶበት እንዳይመስላችሁ። ጥርሱን እያሳየ «ራቁ» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ እጃችሁ መቅዘፊያው ላይ ይሁን፤ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ የሚያስከፍለው ዋጋ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ብቅ ብሎ የጠፋውንም «ሄዷል» አትበሉ። ትንፋሹን 5 ደቂቃ ያህል ይዞ በውሃው ወለል ላይ ሊራመድ ስለሚችል ቀጥሎ የት እንደሚወጣ አታውቁም።

ባሕር ዳር ላይ፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ጉማሬዎች አሉ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ወገቡ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ሲሰነብት ይከብዳል፣ ቶሎም አይዞርም። በእንዲህ ያለ ታንኳ ሲመሽ ብቻችሁን አትውጡ። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ታንኳ መሥራቱንም፣ የጉማሬን ጠባይ ማወቁንም ከትውልድ ትውልድ ሲቀባበሉ የኖሩ ናቸው። ለጣና እንግዳ የሆነ ሰው ጉማሬው ዛሬ በየት በኩል እንደዋለ እነርሱን ጠይቆ ይውጣ። ይህን ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ታንኳ ላይ ባይወጣ ይሻላል።

አዞ

ጫሞ ላይ፣ የቁልፎ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ስፍራ «የአዞ ገበያ» ይባላል። እንግዳ በጀልባ እየተወሰደ የሚያያቸው አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፈዝዘው ይተኛሉ፤ ሙቀታቸውን የሚያስተካክሉት በዚህ ነው። ይህን ያየ ሰው አዞ ሰነፍ ነው ብሎ ይመለሳል። የሚያሰጋው ግን ያልታየው አዞ ነው፤ እርሱ ያለው ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ሰው በለመደው ዳርቻ ላይ ነው።

የአባያ ውሃ ደፍራሽና ቀላ ያለ ስለሆነ ከእግራችሁ ሥር ያለውን እንኳ አያሳይም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ በአባያ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። አካባቢው ላይ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው አዞውን ከልክለው አስከሬናቸው ወደ ሐይቁ እንዳይወሰድ አድርገዋል። ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ቀንም ነበር። ብዛትና ብርሃን ብቻቸውን እንደማያድኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ስለ አዞ ከምንም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ይህ ነው፦ አዞ ልማድ ያጠናል። ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ ሲመጣ አይቶ ይጠብቃል። ዓሣ የሚበለትበት፣ ሆድ ዕቃው ወደ ውሃው የሚጣልበት ዳርቻ ለአዞ የተዘጋጀ ገበታ ነው። ጠዋት አጥማጁ አምባዛውን ሰንጥቆ፣ አንጀቱን ጥሎ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች። አዞው የለመደው ሥጋ ሊመጣ ነው ብሎ ቀርቧል። ለእርሷ የደረሰው አደጋ የተደገሰው ጠዋት ነው። ስለዚህ፦

ሆድ ዕቃውን ውሃ ውስጥ አትጣሉ። ከዳርቻው ርቃችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ጥልቅ ይሁን፣ ጅብና ውሻ እንዳያወጣው። ማኅበር ያላችሁ አስጋሪዎች አንድ የጋራ ጉድጓድ አዘጋጁና ተራ ገብታችሁ ጠብቁት። ሰው ውሃ ከሚቀዳበት፣ ልብስ ከሚያጥብበትና ከብት ከሚያጠጣበት ቦታ አጠገብ ዓሣ መበለት በማኅበር ደንብ መከልከል ያለበት ነገር ነው።

ያጠመዳችሁትን ዓሣ በገመድ ሰክታችሁ ከወገባችሁ አትሰሩ፤ ከእግራችሁ ሥርም ውሃ ውስጥ አታንጠልጥሉ። ከኋላችሁ፣ ደረቅ ላይ፣ በዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ውሃ ውስጥ ቆማችሁ መንጠቆ አትወርውሩ። ከጠርዙ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሁኑ፤ ቁጢጥ አትበሉ፤ ጀርባችሁን ለውሃው አትስጡ። እጅ ለመታጠብ ባልዲ በገመድ ጣሉና ሳቡ። ቦታችሁን በየቀኑ ቀያይሩ።

በሌሊት ከመውረዳችሁ በፊት ዳርቻውን በባትሪ ቃኙ። የአዞ ዓይን ለብርሃን ቀይ ሆኖ ያንጸባርቃል። አንድ ዓይን እንኳ ካያችሁ ቦታውን ልቀቁ።

አሸዋ ላይ አዲስ የተቆፈረ ወይም የተደለደለ ነገር ካያችሁ አትንኩት። እናት አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለ3 ወር ያህል ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታወርዳቸዋለች። አርጃኖ እንቁላሉን ለመብላት ይቆፍራል። አርጃኖ ሲቆፍር ብታዩ እናቲቱ በቅርብ እንዳለች ቁጠሩት፤ ልታባርሩትም ልታዩትም አትጠጉ።

መረብ ውስጥ አዞ ቢገባስ? አትጎትቱ። የተጠላለፈ አዞ ሲገላበጥ ታንኳ ይገለብጣል፤ ትንሹም ቢሆን ጣት ይቆርጣል። የመረቡን ጫፍ በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ቢላ ከርቀት ቁረጡና ልቀቁት። ይህን መጻፍ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። መረብ የአስጋሪ ቤተሰብ ሀብት ነው፤ ቆርጦ መጣል የልጆችን ደብተር፣ የቤት ኪራይን መቁረጥ ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሊተው የማይገባው። እያንዳንዱ የአስጋሪዎች ማኅበር ከየሽያጩ ጥቂት እያስቀመጠ፣ አውሬ ለማዳን ወይም ራስን ለማዳን ለተቆረጠ መረብ መተኪያ ይያዝ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ካለ ሰው በመረቡና በእጁ መካከል ለመምረጥ አይገደድም።

አዞ ከያዛችሁ ዓይኑን ውጉ፣ አፍንጫውን ደብድቡ፣ ጩኹ፤ ወደ ጥልቁ እንዳይወስዳችሁ ባገኛችሁት ነገር ተያዙ። ካመለጣችሁ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የአዞ ንክሻ ክፉኛ ያመረቅዛል።

ወፎች

በወፍ የሚጎዳ አጥማጅ ጥቂት ነው፤ በአጥማጅ የሚጎዳ ወፍ ግን ብዙ ነው።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት የሄደ ሰው የሚሆነውን ያውቀዋል። ልጆቹ ቆሮሶውን በፍጥነት እየገፈፉ ፊሌቶ ያወጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ከአጠገባቸው ቆመው እያንዳንዱን የቢላ እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ጭንቅላትና አጥንት ሲወረወር ክንፋቸውን ዘርግተው ይሻማሉ። አባ ኮዳ ሳይመርጥ ይውጣል። በዓሣው ጉሮሮ ውስጥ የቀረ መንጠቆ ካለ አብሮ ይዋጣል። ከአንዳንዱ ወፍ ምንቃር የናይሎን ክር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሌላው እግሩ ላይ የተጠመጠመው ክር ሥጋውን ቆርጦ ገብቶ ያነክሳል። ስለዚህ መንጠቆ ሳታወጡ የዓሣ ጭንቅላት አትጣሉ። የተቆረጠ ክር በኪሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቁራጩን መሬት ላይ መጣል ወፍ ማሰር ነው።

ፔሊካን መንጠቆ ቢይዘው ክሩን በጥሳችሁ አትልቀቁት። ክር ይዞ የሄደ ወፍ ዛፍ ላይ ተጠልፎ ይሞታል። እንዲህ አድርጉ፦ አንዱ ሰው ክሩን ሳይነጥቅ ቀስ አድርጎ ይሳብ። ሌላው ጨርቅ ወይም ጃኬት በጭንቅላቱ ላይ ያልብሰው፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አቅፋችሁ ያዙ፤ ፊታችሁን አርቁ። ምንቃሩን ስትይዙ ጣታችሁን በመሃሉ አስገብታችሁ በትንሹ ክፍት አድርጉት፤ ፔሊካን በአፍንጫው ስለማይተነፍስ ምንቃሩን ጥርቅም አድርጎ የያዘ ሰው ያፍነዋል። መንጠቆውን ወደ ኋላ አትጎትቱ። ወደ ፊት ገፍታችሁ ጫፉን አውጡ፤ እሾኩን በፒንሳ ቁረጡ፤ የቀረውን በገባበት አውጡት። ከዚያ በውሃው ፊት አስቀምጡትና ወደ ኋላ ራቁ። መንጠቆው ተውጦ ከታየ ግን ጉሮሮውን አትጎርጉሩ፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቁረጡ።

መንጠቆ ከመግዛታችሁ በፊት ፒንሳ ግዙ። እሾኩንም ቀድማችሁ በፒንሳ ብትደፈጥጡት ለወፉም ለራሳችሁ ጣትም ይበጃል።

የዓሣ ንስር መንጠቆ ላይ ያለውን ዓሣ ሲነጥቅ ክሩን አላሉለት እንጂ አትንጠቁ። ወፎች ከላይ እየጠለቁ በሚያድኑበት ቦታ ዘንግ አትወርውሩ።

በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ፔሊካኖች ይራባሉ። ሻላ ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም፤ ቀድሞ ቀለብ የሚያመጡት በአጠገቡ ካለው አብያታ ነበር። አብያታ ውሃው እየሸሸና ጨዉ እየበዛ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ለጫጩት ምግብ ፍለጋ ከዚያ ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው። ወደ ደሴቱ በጀልባ አትጠጉ። ወላጆቹ በአንድ ጊዜ ሲነሡ እንቁላሉና ጫጩቱ ለፀሐይና ለሌላ ወፍ ይጋለጣል።

ስለ ተጣለ መረብም አንድ ነገር። ሞኖፊላመንት የሚባለው ነጠላ የናይሎን ክር መረብ ውሃ ውስጥ ስለማይታይና ቶሎ ስለማይበሰብስ ባለቤቱ ትቶት ከሄደ በኋላም ማጥመዱን አያቆምም፤ ዓሣውን፣ ኤሊውን፣ ጠላቂውን ወፍ፣ ገና የተፈለፈለውን አዞ ይይዛል። የማንም ይሁን የማን፣ የተተወ መረብ ስታገኙ አውጡት።

ጦጣና ዝንጀሮ

አትመግቡ። ዳቦ የለመደ ጦጣ ነገ ያልሰጠውን ልጅ ይነክሳል። ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚሰጥበት ሂዱ።

በባሮና በኦሞ በኩል ለሚያጠምዱ

ሁለት ዓሦች አሉ፣ ሳያውቁ መንካት የማይገባ። አንደኛው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አምባዛ መሳይ ዓሣ ነው። ሰውነቱ ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፤ በጀርባው ላይ እንደ ሌሎቹ ዓሦች የቆመ ክንፍ የለውም። በእርጥብ እጅ የያዘውን ሰው ክፉኛ ይነዝረዋል፤ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ደንግጦ ሊወድቅ ይችላል። ክሩን በጥሳችሁ ልቀቁት፤ የግድ መንካት ካለባችሁ በደረቅ እንጨት ይሁን። ሁለተኛው ሲይዙት አየርና ውሃ ስቦ የሚነፋው ዓሣ ነው። ጥርሱ ጣት ይቆርጣል፣ ሥጋው መርዝ አለው፤ መርዙን መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። ረሃብ ቢጠናም አይበላም፣ ለውሻም አይጣልም። ልጆች እንደ ኳስ ሲጫወቱበት ብታዩ አስጥሏቸው።

በባሌ ትራውት ለሚያጠምዱ

ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ የሚጠመደው ትራውት ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው፤ በወንዙ ዳር የምታገኙት ቀይ ቀበሮ ግን ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የሚበዙት በባሌ ተራሮች ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ስለዚህ ወደ ባሌ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተከተበም ቢሆን ቤት ይቅር። ቀበሮው ወደ እናንተ ቢመጣ ቆማችሁ አሳልፉት፤ የዓሣ ቁራጭ አትወርውሩለት። የሚንገዳገድ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም ሰው የማይፈራ ቀበሮ ካያችሁ ርቃችሁ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ንገሩ።

እባብ

በደንገልና በድንጋይ መሃል በባዶ እግር አትሂዱ። እባብ ከነደፈ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ሰውየውን ተሸክማችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። እባቡን ለመግደል የምታጠፉት ጊዜ የታማሚው ጊዜ ነው።

ስለ ማሳወቅ

ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልና ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ የዓሣ ማስገሩም ሥራ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ይመራል። ዳሩ ግን ሕጉ የሚሠራው የሆነውን ነገር የሚናገር ሰው ሲኖር ነው። ሰው የተነከሰበት መንደር ነዋሪ በቁጣ ተነሥቶ ያገኘውን አዞ ሁሉ ሲገድል፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከተገደሉት መካከል የለም፤ ዳርቻውም እንደ ቀድሞው አደገኛ ሆኖ ይቀጥላል።

አደጋ ወይም ያልተለመደ ነገር ካያችሁ ለቀበሌው፣ በፓርክ ክልል ከሆነ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ነገሩ ከእነርሱ አቅም በላይ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንዲደርስ ጠይቁ። ስትናገሩ ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ግለጹ፤ ሰዓቱን፣ እንስሳው ብቻውን ወይስ ከልጆቹ ጋር እንደነበር፣ ሰውየውም በዚያ ቅጽበት ምን ሲሠራ እንደነበር ተናገሩ። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው የሞተ ወፍ ካገኛችሁ የቀለበቱን ጽሑፍ በስልክ አንሥታችሁ ላኩ። አደጋው የደረሰው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጣልበት በቆየ ቦታ ከሆነ ደግሞ ጣዩ ጎረቤታችሁም ቢሆን፣ ማኅበራችሁም ቢሆን ይህንን አትደብቁ፤ ቦታው ሳይጸዳ ከቀረ አንዱ አዞ ቢወሰድ ሌላው ይመጣበታል።